አሥራ አንድ ወይስ አሥራ ሁለት

ሃያ ስድስት ዓመት ማቅለሚያ ክፍል ቆሜ፣
እርጥብ ጨርቅ ከገንዳ ወደ ገንዳ ተሸክሜ፣
ጡረታ ስወጣ ቁልፍ ሰጡኝ፤
ኮምቦልቻ፣ ከኮሌጁ ጓሮ፣
የአንድ ጨለማ ክፍል ጠባቂ አደረጉኝ።
መስኮቱ በጥቁር ሸራ ታፍኗል፣
በሩ ላይ «ዓይንዎን ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።
እኔ ዓይኔን ድሮውንም ለእንፋሎት ሰጥቻለሁ፤
ለተረፈው አልሳሳም።

ጦይባ ትባላለች፤ የሐርቡ ልጅ ናት።
መብራት ካለ አትተኛም።
ሌዘር የምትለው አረንጓዴ መርፌ ነው፣
ግድግዳ ላይ ሲያርፍ አንዲት ነጥብ፤ ሌላ ምንም።
«ቀለም የለዎትም ወይ፣ ጋሽ ሙሄ?
ቀይ፣ አልኮል ውስጥ የሚሟሟ፣ ትንሽ።»
ነበረኝ። ከፋብሪካው የተረፈ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ፣
ሚስቴ ሦስት ጊዜ ልትጥለው ስትነሣ
ከእጇ የነጠቅኩት።

መኪና በሐረጎ ጭጋግ ሲወርድ
መብራቱ ጭጋጉን ሰንጥቆ ያልፋል፣
ጭጋጉም ያው ጭጋግ ሆኖ ይቀራል።
ደካማ ብርሃን፣ አለችኝ፣ እንግዳ ነው፤
ቤቱን እንዳገኘው ትቶት ይሄዳል።
ብርቱው ግን የገባበትን ቤት ይቀይራል፤
ያለፈበትን ያሞቃል፣ የሞቀው ይሳሳል፣
የሳሳው መልሶ ብርሃኑን ያጣምመዋል፤
መንገደኛው መንገዱን ሲሠራ
መንገዱም መንገደኛውን ይሠራዋል።
«ይህንስ አውቀዋለሁ» አልኳት፤
«ጨርቅ ቀለሙን ሲጠጣ፣ ቀለሙም ጨርቁን ይጠጣዋል።»

ክብሪት በምታህል የብርጭቆ ሳጥን
ቀዩን ሞልታ፣ መርፌውን በጎን ሰደደችው።
ኃይል ጨመረች። ነጥቧ ተከፈተች።
አንድ ቀለበት። ቆይቶ ሁለት።
ከዚያ ሦስት፣ በመሀላቸው የጨለማ ክር።
«ማን ሣለው?» «ማንም።»
ከአንድ ቀጥ ያለ መርፌ ይህ ሁሉ ክብ!

ክቡ ግን አይቆይም። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ
አናቱ ይወድቃል፣
ሰው እንደተቀመጠበት ባርኔጣ።
ሦስት ወር እንዲህ። መስታወት ትወለውላለች፣
ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣
አዲስ አበባ ደውላ «የሌዘሩ ጥፋት ነው» ተባለች።
አንድ ማታ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቷን ታቅፋ አገኘኋት።
«አብሽሪ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ያን ሌሊት ገንዳው ታወሰኝ።
ከሥሩ ሲሞቅ ቀለሙ ወጥ ይነሣል፤
በጎን ያሞቀው ሰው ጨርቁን ያበላሻል፣
ላዩ ይጠቁራል፣ ታቹ ይገረጣል።
ፎርማናችን አራጌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ለዚህች ጥፋት ስንት ቀን ደመወዝ ቆረጠብን!

«ልጄ» አልኳት ጠዋት፣ «ሙቅ ነገር ወደ ላይ ነው።
አንቺ በጎን ትወጊያለሽ፣
እሱ ሲወጣ አናቱን ያፈርስብሻል።
ከሥር ውጊው እስቲ።»
ዝም አለች። ረጅም ዝም።
ከዚያ ሳቀች፣ ዕዳ እንደተሰረዘለት ሰው።

ጠረጴዛውን አፈረስን። መስታወት አዘነበልን።
መርፌው ከሥር ገባ፣ ቀዩን አልፎ
ጣሪያው ላይ፣ የክረምት እድፍ ባለበት፣
ክብ ጣለ። ሙሉ ክብ።
ጠበቅን። አልወደቀም።

አንገታችንን ቀልብሰን ቆጠርን።
«አሥራ አንድ» አልኩ።
«አሥራ ሁለት፤ ዳር ያለውን አላዩትም።»
«ዳር ያለው እድፍ ነው።»
«እድፍ አረንጓዴ ይሆናል?»
«እዚህ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ያልሆነ ምን አለ?
ጥርስሽም አረንጓዴ ነው።»
ስንከራከር መብራት ሄደ።

ከቦርከና ማዶ የአንዱ ጄኔሬተር ተነሣ፤
የእኛ አልተነሣም።
በጨለማው ውስጥ እርሳስ ወረቀት ሲጭር ሰማሁ፤
አንድ ቁጥር ጻፈች።
የቱን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።